ምድጃ ሻጩ ድስት ሲጥድ

ሰውየው ምድጃ ይሸጣል። በዋናው መንገድ ዳር ካሉት የቤት ዕቃ መደብሮች በአንዱ፣ ማቀዝቀዣዎቹን አልፈው ልብስ ማጠቢያዎቹ ጋ ሳይደርሱ፣ ደረቱ ላይ ባጅ ለጥፎ ቆሞ ያገኙታል። ባልደረቦቹ «ማብራሪያ» ይሉታል። ስሙን ያወጡለት በክፋት አይደለም፤ ምላሱ ጤፍ ስለሚቆላ ነው። አንዲት ሴት ዋጋ ብቻ ጠይቃ ልትሄድ ብትገባ፣ ስትወጣ ስለ ነበልባል ቀለም፣ ስለ ሽንኩርት አጠባበስ፣ ስለ ድስት ቂጥ ውፍረትና ስለ ሩዝ ውሃ ልክ ተምራ ነው። ዋጋውን ግን ብዙ ጊዜ ሳትሰማ ትሄዳለች።

«ይቺ፣ እመቤቴ፣ ስድስት ሰው በሃያ ደቂቃ ታበላለች» ይላል የምድጃዋን መክፈቻ እንደ ሬዲዮ እያሽከረከረ።

መደብሩ ውስጥ የተደረደሩት ምድጃዎች ከጋዝም ከመብራትም አልተገናኙም። ስለዚህ የማብራሪያ ዕውቀት አንድ ቀን እንኳ በእሳት ተፈትኖ አያውቅም። ቤቱ ያለችው ምድጃ በእርግጥ ከጋዝ ተገናኝታለች፤ ከእሱ ጋር ግን አልተገናኘችም።

ሚስቱ ነርስ ናት። ከክሊኒክ ስትመለስ ጫማዋን በር ላይ አውልቃ በቀጥታ ወጥ ቤት ትገባለች። እሱ ደግሞ የበኩሉን ለማበርከት ወንበር ስቦ በሩ ላይ ይቀመጣል።

«እሳቱ ትንሽ በዛ መሰለኝ» ይላል። «ሽንኩርቱ እኮ ቀደም ብሎ መውረድ ነበረበት።»

ሚስቲቱ ቀኑን ሙሉ የበሽተኛ ማቃሰት ስትሰማ ስለምትውል ጆሮ ዳባ ልበስ ብላ ታማስላለች። እንዲህ ሆነው ዓመታት አለፉ። ማብራሪያም ይህን ኑሮ «በቤታችን ሥራ የምንሠራው ተጋግዘን ነው» እያለ ለሰው ያወራ ነበር።

አንድ እሑድ ሚስቱ ጋውኗን እየተኮሰች ወሬውን ነገረችው።

«ከነገ ጀምሮ የማታ ፈረቃ ነኝ። እራት የአንተ ነው።»

«እራት ማለት?»

«ማታ ማታ የምትበላው ነገር ነው። በር ላይ ተቀምጠህ የምታብራራው።»

ማብራሪያ ቀስ ብሎ ዓይኑን ወደ አማቱ አዞረ። አማቱ አብረዋቸው ነው የሚኖሩት፤ ሶፋው ጥግ ላይ ሹራብ እየሠሩ ነበር። ቀና ሳይሉ መለሱለት።

«እኔን አትየኝ ልጄ። ልጄን ዳርኩልህ እንጂ ወጥ ቤት አልተቀጠርኩልህም።»

ሰኞ ማታ ዳቦ በማርማላታ ቀረበ። ማብራሪያ ይህን «ቀለል ያለ እራት» አለው፤ አማቱ «ቁርስ ነው፣ ሰዓቱ ተሳስቶበት ነው» አሉት። ማክሰኞ እንቁላል ጠበሰ። እንቁላሉ ከመጥበሻው ጋር ቃል ኪዳን የገባ ይመስል አልላቀቅ አለ። ረቡዕ ደግሞ ሩዝ ሠራ፤ ለዘመናት የውሃውን ልክ ለሕዝብ ሲያስተምር የኖረውን ሩዝ። ታቹ አረረ፣ መሃሉ ጥሬ ሆነ፣ ላዩ ሾርባ ሆነ። በአንድ ድስት ሦስት ዓይነት ምግብ ያበሰለ ሰው በዚያ ሰፈር ከእሱ በፊት አልተሰማም።

የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዋ ልጁ ማንኪያዋን ድስቱ ውስጥ ሰደድ አድርጋ ቧጨረች።

«አባዬ፣ ይሄ ከታች ያለው ይበላል ወይስ ዕቃው ነው?»

«ከመጠምጠም መማር ይቅደም» አሉ አማቱ፣ ሳህናቸውን ወደ ፊት ገፋ አድርገው።

ይህም ሁሉ ሆኖ የታጠበ ዕቃ የለም። ለአንድ መጥበሻ እንቁላል ሦስት ሳህን፣ ሁለት ድስትና የቤቱን ማንኪያ ሁሉ አቆሽሾ ነበር። ሚስቱ ከሥራ ስትገባ የዕቃ ማጠቢያውን ክምር ቆማ አየችው። ደክሟታል፤ መቆጣት እንኳ ጉልበት ይፈልጋል።

«የሚያበስል ነው የጠየቅኩት» አለች። «የሚያቆሽሽማ ነበረኝ።»

ይቺ ቃል አንጀቱ ውስጥ ገባች። በማግስቱ ከሥራ ሲወጣ ከመደብሩ ጎን ያለው ሥጋ ቤት ገብቶ ብሶቱን ተናገረ። ሥጋ ሻጩ አዛኝ ሰው ነው። በተለይ ያልተሸጠ ቋሊማ ተንጠልጥሎ ሲያይ አዘኔታው ይበረታል።

«የአንተን ችግር የሚፈታው ቋሊማ ነው» አለው፣ ገና ብሶቱ ሳያልቅ። «ይሄኛው የበሬ ነው፤ ቅመም ያለው። ቆራርጠህ ያለ ዘይት ድስት ውስጥ ጣለው፤ የራሱ ስብ ይበቃዋል። ቀላ ሲል ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ጨምር። ከዚያ የቲማቲም ድልህና በርበሬ። ከዚያ ደረቁን መኮሮኒ እላዩ ላይ አፍስሰህ፣ ውሃ ጨምረህ ክደነው። አለቀ።»

«ቆይ፣ መኮሮኒው ለብቻው አይቀቀልም?»

«ዕቃ ማጠብ ትወዳለህ?»

«አልወድም።»

«እንግዲያው አይቀቀልም።»

ማብራሪያ በሕይወቱ እንዲህ አጭር ማብራሪያ ሰምቶ አያውቅም። ትንሽ ቅር አለው። በመጨረሻ ግን አንድ ቁም ነገር ጠየቀ።

«በርበሬው ምን ያህል ነው?»

«እንደ ወንድነትህ» አለው ሥጋ ሻጩ፣ ቋሊማውን እየጠቀለለ።

እነሆ በዚህ የተከበረ መለኪያ ምክንያት በዚያ ምሽት ድስቱ ውስጥ ሦስት የሾርባ ማንኪያ በርበሬ፣ ያውም ጉብ ጉብ ያለ፣ ገባ። ቋሊማው እየተንጫጫ ሳለ በርበሬው ሲያርፍበት የተነሳው ጢስ ወጥ ቤቱን አልፎ ሳሎን ገባ። ልጁ እያሳለች መስኮት ከፈተች። ጎረቤት መስኮቱን ዘጋ።

ሦስቱም ገበታ ቀረቡ። ልጁ አንድ ጎረሰች፣ ብርጭቆዋን አነሳች፣ ጨርሳ የአያቷን ብርጭቆ ቀጠለች። ማብራሪያ እንባው እንደ ቧንቧ ይወርዳል።

«ሽንኩርቱ ነው» አለ፣ ዓይኑን በክንዱ እየጠረገ።

«ሽንኩርቱማ በስሏል» አለች ልጁ።

አማቱ ግን ዝም ብለው ያኝካሉ። ለሳምንታት ጉንፋን ይዟቸው ነበር፤ ነርሷ ልጃቸው የሰጠቻቸው መድኃኒት ሁሉ አልሠራም። ሁለተኛ ጉርሻ፣ ከዚያ ሦስተኛ። መሐረባቸውን አውጥተው አፍንጫቸውን ጠረጉ፣ ረጅም ትንፋሽ ሳቡ፣ ገረማቸው።

«አፍንጫዬ ተከፈተ» አሉ። «እንደ ምግብ አትቁጠሩት እንጂ ነገሩስ ጥሩ ነው። ነገም ሥራው።»

ባለሙያ ነን የሚሉ ሰዎች በጋዜጣ ሲሞገሱ ከሚኮሩት ይልቅ ማብራሪያ በዚች ቃል ኮራ። በማግስቱ ሠራው፤ በሚቀጥለውም ሳምንት ሠራው። ቀስ በቀስ ወንድነቱ ወደ አንድ ማንኪያ ወረደ። ውሃው መኮሮኒውን ሸፈን ካደረገው እንደሚበቃ አወቀ። ከታች ደጋግሞ ካላማሰሉት እንደሚይዝ ተረዳ። ከማውረዱ በፊት የተፈገፈገ አይብ ጣል ሲያደርግበት ቅመሙ እንደሚለዝብም በራሱ ደረሰበት። ከሁሉ የከበደው ትምህርት ሌላ ነበር። አንድ ማታ መኮሮኒ ለምን መማሰል እንዳለበት ለልጁ ሲያብራራ መኮሮኒው ያዘበት። ብዙ ወሬ በአህያ አይጫንም ይባላል፤ ድስትም አያማስልም ለካ።

ከዚያ በኋላ በነበረው አንድ ምሽት ልጁ ቀልድም ሳትቀልድ፣ ፊቷንም ሳታጨፈግግ ሳህኗን ዘረጋች።

«አባዬ፣ ጨምርልኝ።»

ጨመረላት። ወዲያው ዞሮ ቧንቧውን ከፈተና የታጠበ ማንኪያ መልሶ ማጠብ ጀመረ። ፊቱን ማንም እንዲያየው አልፈለገም። በዚያ ቀን እንባውን በሽንኩርት ማሳበብ ደግሞ አይችልም ነበር፤ አሁን ሽንኩርት በመክተፍ እጁ ተፍታቷል።

ሰው ሲሳካለት ዝም ካለ ችግር የለም። ችግሩ ማብራሪያ መሆኑ ላይ ነው። መደብሩ ውስጥ ምድጃ ለማየት የገባ ሁሉ ስለ ቋሊማ መኮሮኒ ሰምቶ ይወጣ ጀመር። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅምና፣ አንድ ቀን የመደብሩ ባለቤት ከኋላው ቆመው ሲሰሙት አላያቸውም። ሴትየዋ ምድጃው አልሸጥ ብሏቸው ከርሟል።

«ይህን ያህል ከቻልክበት ቅዳሜ በሩ ላይ ሠርተህ ታሳያለህ» አሉት። «ምድጃ እናገናኛለን። ሕዝብ ይቅመስ።»

«እትዬ፣ እኔ እንኳ በማብራራቱ በኩል ብሆን ይሻላል ብዬ...»

«ሁለቱንም ታደርጋለህ።»

ቅዳሜ መጣ። በሩ ላይ ጠረጴዛ ወጣ፣ ምድጃ ተጣደ፣ የጋዝ ሲሊንደር ተገጠመ። ሽርጥ ስላልተገኘ ከመጋዘን ነጭ ካፖርት አለበሱት፤ ቋሊማውን ሊያበስል ሳይሆን ቀዶ ጥገና ሊያደርግለት የቆመ መሰለ። አማቱና ልጁም መጡ። ሊደግፉት አልነበረም፤ እንዲህ ያለ ነገር እንዳያመልጣቸው ነው። ሚስቱ ሥራ ላይ ነበረች። ሥጋ ሻጩ ደግሞ በሩ ላይ ቆሞ፣ ቋሊማው ከማን እንደተገዛ ላልጠየቀው አላፊ አግዳሚ ሁሉ ይናገራል።

ማብራሪያ ቋሊማውን ድስት ውስጥ ጣለና ማይክሮፎኑን አነሳ። ከእሳት ጀመረ። ከእሳት ወደ ብረት፣ ከብረት ወደ ድስት ቂጥ ተሻገረ። ቆም ብለው የነበሩት ሰዎች አንድ ሁለት እያሉ ሹልክ አሉ። የድስቱ ጢስ ከነጭ ወደ ግራጫ ተለወጠ።

«ልጄ» አሉ አማቱ ከፊት ሆነው፣ ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ፣ «ድስቱን እየው።»

አየው። ማይክሮፎኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። እሳቱን ቀነሰ፣ ያረረውን አወጣ፣ ሽንኩርቱን ጨመረ፣ አማሰለ። ከዚያ በኋላ አንድ ቃል አልወጣውም። እጁ ሥራ ሲይዝ አፉ ሥራ ፈታ። ማይክሮፎኑ ሳይጠፋ ድስቱ አጠገብ ስለቀረ የቋሊማው መንጫጫት በድምፅ ማጉያው መንገዱን ሞላው። ሽታውም ተከተለ። የሄዱት ተመለሱ፣ ያልነበሩትም መጡ። መኮሮኒው ገብቶ ክዳኑ ሲከደን ሰው ሁሉ ሐኪም በር ላይ እንደሚጠብቅ ዘመድ ክዳኑን ያያል።

በወረቀት ኩባያ ታደለ። አንድ ወፍራም የታክሲ ሹፌር ኩባያውን በጣቱ ጠራርጎ «ምድጃዋ ስንት ናት?» አለ። ማብራሪያ ድስቱን ማማሰል ስላላቋረጠ በክርኑ የዋጋ ወረቀቱን አሳየው። ሹፌሩ ገዛ። ከኋላው የነበረችው ሴት ገዛች። ከሰዓት በኋላ መጋዘን ውስጥ የነበረውም ምድጃ አለቀ።

የመደብሩ ባለቤት እጃቸውን እያሻሹ መጡ።

«ለካስ መፍትሔው አንተን ዝም ማሰኘት ኖሯል» አሉት። «ይህን ሁሉ ዓመት ችግሩ የማስታወቂያ ነው ብዬ ስደክም።»

ሁሉም ሳቀ። እሱም አብሮ ሳቀ፤ ሳቁ ግን ከአንገት በላይ ነበር። ካፖርቱን አጣጥፎ መለሰ። ሰው ዕድሜውን የፈጀበት ነገር ዕቃውን እንዳይሸጥ ሲከለክለው እንደኖረ በአንድ ቀን፣ ያውም በሕዝብ ፊት ሲነገረው ቀላል አይደለም። ወደ ቤት ሲመለሱ ዝም አለ። ልጁ ክንዱን ያዘችው። አማቱ ደግሞ እሱን ማጽናናት ከልማዳቸው ውጭ ስለሆነ ስለ ጫማቸው ጥበት አወሩ፤ ሆኖም እስከ ቤት ድረስ ያወሩት ዝምታው እንዳይከብደው ነበር።

በሚቀጥለው ሳምንት ሚስቱ የዕረፍት ተራ ደርሷት አንድ ማታ ቤት አመሸች። እስከዚያ ቀን የባሏን እራት ትኩሱን በልታው አታውቅም፤ ከሥራ ስትመለስ በሳህን ተከድኖ የሚቆያትን እያሞቀች ነበር የምትበላው። አሁን ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆማ አየችው። ሽንኩርቱን ከተፈ፣ ቋሊማውን አገላበጠ፣ ቀመሰ፣ ጨው ጨመረ፣ ጠረጴዛውን ወለወለ። አንድም ነገር አላብራራም። እሷ ትንሽ ደነገጠች።

«አሞሃል እንዴ?»

«ደህና ነኝ። መኮሮኒው ሊይዝብኝ ስለሆነ ነው።»

ጎረሰች። አኘከች። እንደገና ጎረሰች። ሳህኗ ባዶ ሲሆን ዳቦ ቆርሳ ታቹን ጠረገችው።

«የቀዘቀዘው ራሱ ጥሩ ነበር» አለች። «ሳልነግርህ ቀረሁ።»

«ለምን?»

«ልታብራራልኝ ነዋ።»

ከወራት በኋላ ፈረቃዋ ወደ ጠዋት ተመለሰ። ማብራሪያ ወጥ ቤቱን ለማስረከብ ተዘጋጅቶ ነበር፤ የሚረከበው ጠፋ። ሚስቱ ለሦስት ቀን ተስማማች፤ የተቀሩት የእሱ ሆኑ። አልተከራከረም። እንዲያውም አንድ ቀን እንዳይቀነስበት ሰግቶ ቶሎ «እሺ» አለ።

«ቋሊማው ግን በሳምንት አንዴ ይበቃል» አሉ አማቱ ከሶፋው ጥግ። «ዶሮ መሥራት ላሳይህ እችላለሁ።»

በዚያው ሳምንት ሥጋ ቤት ገብቶ ዶሮ ጠየቀ። ሥጋ ሻጩ ፊቱን አኮሳተረ። ቋሊማው ዛሬም ተንጠልጥሏል።