ነፋስ ባይኖርስ?

ቡሬ ላይ ፊዚክስ የምታስተምረው ሠርክአዲስ ዜሮ ስታይ ደሟ ይፈላል። ዘንድሮ የገበሬ ልጆች የሆኑት ተማሪዎቿ በሙሉ ፈተናው ላይ «ከባድ ነገር ቀድሞ ይወድቃል» ብለው ጻፉ፤ አውድማ ላይ ፍሬው ሲወርድ ገለባው ሲበን እያዩ ነው ያደጉት። እሷም ኤክስ በማድረግ ፈንታ በየወረቀቱ «ነፋስ ባይኖርስ?» ብላ ጽፋ መለሰችላቸው።

ርዕሰ መምህሩ ቢሯቸው ጠሯት። «ውጤት የሚዘጋው ዛሬ ነው። ዜሮ ስጪና ገላግይን።»

«አልሰጥም፣ ጋሼ። ልጆቹ ያዩትን ጻፉ፤ ሌላውን ያላሳየኋቸው እኔ ነኝ።»

በመስኮቱ ልጆቹ ይታያሉ። ከደረጃው ጫፍ ትልቅ ድንጋይና ጠጠር አብረው እየለቀቁ፣ እኩል መሬት ሲደርሱ እያዩ ይከራከራሉ።

«ትምህርታቸው ገና አላለቀም» አለች ወደ እነሱ እያየች። «ዜሮ የግድ ነው ካሉ በእኔ ስም ይመዝግቡት።»