ነገ የሚላከው ፋክስ

የፋክስ ክፍሉ ሰውዬ ለወንድሙ የጻፈውን የዕርቅ ደብዳቤ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በማሽኑ የመላኪያ ወረፋ ላይ አቆይቶታል ይባላል። በየቀኑ ወደ ቤቱ ከመሄዱ በፊት የመላኪያውን ቀን በአንድ መስመር ትእዛዝ ወደ ነገ ያዞረዋል አሉ። መዝገብ ቤት የምትሠራው ሴት ግን አላመነችም፤ እንኳን ደብዳቤ፣ በዚያ መሥሪያ ቤት ወንበር እንኳ ዘጠኝ ዓመት አይቆይም።

ዛሬ ወረፋውን ባዶ አድርጎ ማሽኑን እንዲያስረክብ ልትነግረው ገባች። ሹራቡ ክርኑ ላይ ከመሳሳቱ የተነሳ ጋዜጣ ያስነብባል፤ ሻዩ ከቀዘቀዘ ወር ያለፈው ይመስላል። ሰውዬው በኮምፒውተሩ ጥቁር ስክሪን ላይ ትእዛዝ እየጻፈ የኃላፊውን ደብዳቤ ከኋላ አንስቶ ፊት አደረገው፤ የግዢ ክፍሉን የተሳሳተ ቁጥር አረመ። ፊቱ ላይ አንዲት ጅማት አልተንቀሳቀሰችም። ፋክሶቹ ሁሉ ተራ በተራ ሄዱ፤ አንድ ብቻ ቀረ።

"ይሄስ ጋሼ?"

"እሱ ነገ ነው።" ቁልፎቹን ሳያይ ቀኑን ቀየረው።

"ኧረ በሞቴ! ነገ እኮ ማሽኑ ሲነሳ አብሮ መጥፋቱ ነው። አሁኑኑ ይላኩት እንጂ፤ ወንድም እኮ ከገበያ አይገዛም!"

ዞር ብሎም አላያት።

"ወንድም የለኝም" አለ፣ የሰው አድራሻ እንደሚያነብ ሁሉ። "ደብዳቤም አልጻፍኩም። ዘጠኝ ዓመት የሚሉትም ውሸት ነው፤ አሥራ አንድ ነው።"