ከሰሌዳዬ ሥር የፈሰሰው ነጭ ውሃ

በትምህርት ቤታችን ሚኒ ሚዲያ ጽሑፍ ማንበብ ከጀመርኩ ወዲህ አረማመዴ ሳይቀር ተለውጧል። ጓደኞቼ «ማይክ የዋጠች ትመስላለች» ይሉኛል፤ እውነታቸውን ነው። ጽሑፌን የሚሰማልኝ ድምፅ ማጉያው ላይ የሚያርፈው ቁራ ብቻ ቢሆንም፣ እኔ ነቀምቴ በሙሉ ጆሮዋን የሰጠችኝ ይመስለኝ ነበር።

አንድ ሐሙስ ግን ሰው ሰማኝ። ጽሑፉ ከአጥራችን ማዶ ስለሚሠራው ፎቅ ነበር። እዚያ ሲሚንቶ በተቦካ ቁጥር ከሥሩ ያለው ወንዝ ወተት የተደፋበት መስሎ ይወርዳል። ከታች ደግሞ ሰው ልብስ ያጥባል፣ ከብት ያጠጣል። እኔም ድምፄን አንቀጥቅጬ «ወንዛችን ነጭ እንባ አነባ! ማነው ያስለቀሰው?» አልኩ። እንባ ነጭ እንዳልሆነ የነገረኝ የለም። ተጨበጨበልኝ። ርዕሰ መምህሩ አንብቤ ሳልጨርስ ስልካቸውን አወጡ።

የዚያን ዕለት እናቴ ከሥራ በጊዜ ተመለሰች። እናቴ እዚያው ፎቅ ላይ ውሃ ታመላልሳለች፤ ከኪራሙ ተፈናቅለን ነቀምቴ ከገባን ወዲህ ቤታችን የቆመው በዚሁ ሥራ ነው። ጀሪካኗን በሩ ላይ አስቀምጣ ቁጭ አለች።

«ምነው በጊዜ መጣሽ?» አልኳት።

«አንዲት ጋዜጠኛ አስባረረችን።»

ሳቅኩ። እሷ አልሳቀችም። ለካ ርዕሰ መምህሩ ደውለው ኖሮ፣ ከከተማው የአካባቢ ጥበቃ ባለሙያ መጥተው ወንዙን አይተዋል። የፎቁ ኢንጂነርም ማጠቢያ ጉድጓድ እስኪቆፈርና ባለሙያው ቅዳሜ ተመልሰው ወንዙ መጥራቱን እስኪያዩ ድረስ ውሃ የሚያመላልሱትን ሴቶች አሰናብቷል። ካልጠራ መመለስ የለም።

«ሴቶቹ ምን አጠፉና?»

«ሲሚንቶ የነካውን አካፋና ባሬላ ወንዝ ወርዶ የሚያጥበው ማን ይመስልሻል?»

«ድርጅቱ ነዋ!»

«ድርጅቱ እጅ አለው እንዴ? እኛ ነን እንጂ! ካቦው እጠቡ ሲለን እናጥባለን።»

ማይኩን እውነት ውጬው ቢሆን ኖሮ ያን ጊዜ እተፋው ነበር።

«ወንዙ ግን ነጭ ነው» አልኩ ቀስ ብዬ።

«ነው እንጂ። ዋሸሽ መች አልኩሽ?»

ቅዳሜ ጠዋት ሴቶቹ ራሳቸው ለቁፋሮ ወጡ። ጉድጓዱን ላስቲክ አለበሱት፤ የእጣቢው ነጭ ዝቃጭ ከሥር ይቀራል፣ ከላይ የጠራው ተቀድቶ አዲስ የተሞላው ኮንክሪት እንዳይሰነጠቅ ማጠጫ ይሆናል። እኔም አካፋ አነሳሁ። የዛቅኩትን አፈር መልሼ እዚያው እየጣልኩ ስላስቸገርኩ ነጠቁኝ። የእናቴ ባልንጀራ «ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ አንቺ የምትችይውን ሥሪ» አለችኝ።

የምችለው መጻፍ ነው። ወንዙ ዳር ሰሌዳ ይቁም አልኩ። የመጀመሪያው ረቂቄ «አንተ አላፊ አግዳሚ ሆይ፣ የወንዙን ብሶት ብታውቅ ኖሮ» ብሎ ይጀምርና ማለቂያ አልነበረውም። እናቴ አስነብባኝ «ሰውየው ይህን አንብቦ እስኪጨርስ አካፋውን አጥቦ ይሄዳል» አለች። ስለዚህ አንድ ሳንቃ ላይ በኖራ «እዚህ ዕቃ ማጠብ ክልክል ነው» ብዬ ጻፍኩ፤ ከሥሩ በኦሮምኛ ደገምኩት።

ተከልነው። ሌሎቹ ዳገቱን ሲወጡ እኔ ቀረሁ። ራቅ ብዬ አየሁት፣ ጠጋ ብዬ አየሁት። አቤት ፊደሎቼ! እጄ ግን እስከ ክርኔ ኖራ ሆኗል፤ ብሩሹም እየደረቀ ነው። ወንዙ ደግሞ እዚሁ እግሬ ሥር። ጎንበስ አልኩና ብሩሹን አጠብኩ። ከዚያ የኖራውን ባልዲ ማጠብ ጀመርኩ።

«ኢንጂነር! ጠራ ያልከኝ ይሄ ነው?»

ባለሙያው የወንዙን ዳር ይዘው ከታች እየወጡ ነበር፤ ኢንጂነሩ ከኋላቸው። ኢንጂነሩ ቀና ብሎ ሴቶቹ ላይ አፈጠጠ። እናቴ ዳገቱ ላይ ደርቃ ቀረች። እኔ ብሩሹን ከኋላዬ ደበቅኩ፤ ቀሚሴን አበላሸው።

«እነሱ አይደሉም» አልኩ። «እኔ ነኝ።»

ባለሙያው ሰሌዳውን ጮክ ብለው አነበቡት። ከዚያ እጄን አዩ።

«ይህን ማን ጻፈው?»

«እኔ።»

«ከሥሩስ ማን አጠበ?»

«እሱም… እኔ።»

«ማሎ! ኧረ ጉድ!» ብላ ጮኸች የእናቴ ባልንጀራ ከላይ። «አዋጁም የሷ፣ ጥፋቱም የሷ!»

ኢንጂነሩ ሳይቀር ሳቀ። ባለሙያው ግን ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው ወጡና ጉድጓዱን አዩ፤ ሴቶቹም አካፋ እያጠቡ አሳዩአቸው። ተመልሰን ወንዙ ዳር ቆምን። ነጩ ውሃዬ ቀስ እያለ ወርዶ አለቀ፤ ከሥር ጠጠሩ ታየ። ጠጠር እንደዚያ አምሮኝ አያውቅም።

«ሴቶቹ ሰኞ ሥራ ይግቡ» አሉ ባለሙያው። «ይህቺ ልጅ ግን የተረፋትን ኖራ ጉድጓዱ ድረስ ተሸክማ ትድፋ።»

ባልዲዬን ይዤ ዳገቱን በሴቶቹ ጭብጨባ ወጣሁ። ጭብጨባ ያው ጭብጨባ ነው፤ አልጠላሁትም።

ሰኞ በእረፍት ሰዓት ይህንኑ ሁሉ በማይኩ አነበብኩ። ግቢው በሳቅ ፈረሰ፤ ደስታዬ ልክ አጣ። ያን ዕለት እናቴ እንደ ወትሮዋ አምሽታ፣ የቀሚሷ ጠርዝ ርሶ ገባች።

«ጋዜጠኛ፣ ዛሬ ደግሞ ስለ ማን ጻፍሽ?»

«ስለ ራሴ።»

«እሰይ» አለች ጀሪካኗን እያቀበለችኝ። «በእሱስ ማንም አይባረርም።»