የእማማ ዘነበች አሥር ኪሎ

ሥራ የጀመርኩ ቀን የሱቁ ኃላፊ ጓድ ታምሩ አንድ ወፍራም መዝገብና አንድ ኮፒያ እርሳስ አስረከቡኝ። "ካርዱና መዝገቡ ካልተስማሙ ተጠያቂዋ አንቺ ነሽ" አሉኝ። ማታ ቤት ስገባ እናቴ ምላሴን አይታ ደነገጠች። ኮፒያ እርሳስ ጫፉን በምላስ ካላራሱት አይጽፍማ፤ ሐምራዊ ሆኜ ነበር የገባሁት።

ይህ በደርግ ጊዜ፣ ናዝሬት፣ የቀበሌያችን ኅብረት ሱቅ ውስጥ ነው። ስኳሩም ሳሙናውም በራሽን ነበር። እኔ የምይዘው ግን የስጦታ ካርዱን ነው። ልጅ ለዘመተበት ቤት ቀበሌው አሥር ኪሎ ስኳር ይሰጣል፤ ቤተሰቡ በፈለገው ጊዜ ኪሎም ግማሽ ኪሎም እያለ ይወስዳል። እኔ የወጣውንና ቀሪውን በካርዱ ጀርባና በመዝገቡ ላይ ጽፌ እፈርማለሁ።

ሥራው ተቀምጦ የሚሠራ ነው፤ እኔ ደግሞ መቀመጥ አልሆነልኝም። ሰልፉ ሲረዝም እግሬ አላርፍ ይላል። የጻፍኩትን ቀሪ ሦስቴ ካላየሁ አላምንም። ቤቴ ሄጄ እንኳ "የእነ እንትና ሦስት ኪሎ ነው ወይስ ሦስት ተኩል?" እያልኩ እብሰለሰላለሁ።

ከባለካርዶቹ አንዷ እማማ ዘነበች ነበሩ። አንድ ልጃቸው ግርማ ወደ ሰሜን ዘምቷል። በየወሩ መጥተው ካርዱን ከነጠላቸው ጫፍ ይፈቱና "ልጄ፣ ቀሪው ስንት ነው?" ይላሉ።

"አሥር ኪሎ ነው እማማ። ምንም አልነኩትም እኮ።"

"አይነካም። ግርማ ሲመጣ ነው የሚነካው።" መልሰው ቋጥረውት ይሄዳሉ።

ጳጉሜን ሲገባ ጓድ ታምሩ ከስብሰባ መጡና "የስጦታ ካርድ ቀሪ ወደ አዲሱ ዓመት አይሻገርም፤ ያልወሰደ ይሰረዝበታል" አሉ።

"ያልሰማ ሰውስ?"

"ማስታወቂያ ይለጠፋል።"

እማማ ዘነበች ማንበብ አይችሉም። "እንግዲያው እኔው አደርስላቸዋለሁ" አልኩ። "ካስፈረምሽ ውሰጂ" አሉኝ። ሌሊቱን ስገላበጥ አደርኩ። ሱቁ ሳይከፈት ልመለስ ብዬ ገና ጎህ ሲቀድ ወጣሁ። ስኳሩን የተሸከሙልኝ ዘበኛችን ኦቦ ቱፋ ናቸው፤ ጺማቸው የሸበተ፣ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ።

እማማ ዘነበች በሩን ከፍተው እኔን አዩ፣ ኦቦ ቱፋን አዩ፣ ስኳሩን አዩ። ፊታቸው ተለዋወጠ።

"ስኳሩ ለለቅሶው ነው?" አሉ ቀስ ብለው።

አገር የሚያውቀውን ነገር እኔ ዘንግቼ! መርዶ የሚነገረው ማለዳ ነው፣ በሽማግሌ ነው፤ ለለቅሶው የሚሆነውም ቀድሞ ይዘጋጃል። ሲጨንቀኝ "ኧረ አይደለም እማማ፣ ካርዱ ሊዘጋ ስለሆነ ነው" አልኳቸው።

ባሰ። "የዘማች ካርድ የሚዘጋው ዘማቹ ሲሞት አይደል?" ብለው ጮኹ። ጎረቤት ተሰበሰበ።

ጓድ ታምሩ ራሳቸው መጥተው ምንም የመጣ ወረቀት እንደሌለ ማሉ። እማማ ዘነበች አልሰሟቸውም። "መርዶ የያዘ ሰው መጀመሪያ የለም ነው የሚለው" አሉ። እውነታቸውን ነው፤ እኛም ቢሆን ስንደብቅ የምንለው ይህንኑ ነው። ዘመድ ከወለንጪቲ በጭነት መኪና መጣ፣ ድንኳን ተተከለ። ሻዩን ያፈላሁት እኔ ነኝ። በሦስተኛው ቀን ስኳሩ አለቀ። እርሳሴን አርሼ "ቀሪ፦ የለም" ብዬ ጻፍኩ።

ከዚያ በኋላ አላረፍኩም። የምሳ ሰዓቴን ሁሉ ወደ ወታደራዊ ቢሮው ስመላለስ አሳለፍኩት። "ከሞቱትም ከቆሰሉትም ዝርዝር ውስጥ ስሙ የለም" ይሉኛል። የለም ሲሉኝ ደግሞ እንደ እማማ ዘነበች ማሰብ ጀመርኩ። የእውነት ሞቶ ቢሆንስ? ፈራሁ። ማቅ የለበሱትን እናት መንገድ ላይ ሳይ በሌላ በኩል እዞር ነበር።

ጥቅምት ላይ ግርማ ለዕረፍት መጣ። ትንሽ ያነክሳል እንጂ ደህና ነው። እናቱ ፊቱን እየዳበሱ "አንተ ነህ?" ይላሉ፤ "እኔ ነኝ" ይላል፤ እንደገና ይጠይቁታል። እኔም ተጠርቼ ሄድኩ። ሻዩ ቀረበ፤ ግርማ ቀመሰና "እማዬ፣ ስኳር የለም እንዴ?" አለ።

"ለለቅሶህ ጨረስነው" አሉት።

ቤቱ በሙሉ ሳቀ፤ እሳቸው እየሳቁ አለቀሱ። እኔ መሬት መሬት አየሁ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ ያ ስኳር ግን የሚለቀም አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ ስለ ቀሪ ለመንገር ማለዳ የሰው በር አንኳኩቼ አላውቅም። በቀን፣ ለብቻዬ እሄዳለሁ፤ ገና ከደጅ "ደህና ነው፣ ለስኳር ነው የመጣሁት" እላለሁ። ቀሪው ስንት እንደሆነ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።