አገጬ የተለካበት ቀን

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን የቀኝ ጆሮዬ ሥር መጠዝጠዝ ይጀምራል። የምሠራው ወልቂጤ፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤት መስኮት ላይ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ባለጉዳይ ፊት ለፊቴ ቆሞ ፋይሉን ይጠይቀኛል። ማታ ቤቴ ስገባ እራት ለማኘክ እንኳ አቅም የለኝም። ያልዋጥኩት ማስታገሻ የለም። በመጨረሻ ከአዲስ አበባ በወር አንዴ ወደ ከተማችን የምትመጣ የጥርስና የመንጋጋ ሐኪም እንዳለች ሰማሁ። ሰው ስለሚበዛባት ፊቱን በካሜራ ለክታ መዛባቱን ያየችለትን ብቻ ነው ለሕክምና የምትመዘግበው አሉኝ። እንድትመዘግበኝ ነበር የፈለግሁት፣ ሌላ ምንም አይደለም።

እናቴ ይህን ስትሰማ በመጀመሪያው ሚኒባስ ከቡታጅራ መጣች። አትልፊ ብያት ነበር። እናቴን ማን ያስቆማታል?

አገጬ ወደ ቀኝ ያዘነብላል። ይህን የሚያውቁት ግን ጥቂት ሰዎች ናቸው። ልጅ ሳለሁ እንግዳ ቤት በገባ ቁጥር እናቴ በጉራጊኛ፣ ቀስ ብላ፣ «አፍሽን አቅኚ» ትለኝ ነበር። የታችኛውን መንጋጋዬን ወደ ግራ ገፋ አድርጌ ጥርሴን ግጥም ሳደርገው ፊቴ ቀጥ ይላል። መጀመሪያ እየታዘዝኩ፣ በኋላ ሳላስበው ይዤው ኖርኩ። አሁን ሠላሳ ስድስት ዓመቴ ነው። ስስቅም፣ ስቆጣም፣ ለቅሶ ቤት ስቀመጥም እንደያዝኩት ነው። ይህ ሥራ እረፍት የለውም፤ ጡረታም የለውም።

ክሊኒኩ ውስጥ ከወንበሩ ፊት ለፊት ባለ ሦስት ዓይን ካሜራ ቆሟል። ሐኪሟ ወጣት ናት። «እህቴ፣ ዘና በይ፤ ፊትሽን እንደ ልቡ ተይው» አለችኝ። ልተወው ስል እናቴ ከኋላዬ «አፍሽን አቅኚ!» አለች፣ በጉራጊኛ። ሐኪሟ ቋንቋውን አትሰማም። እኔም በዚህ ዕድሜዬ፣ የልጆች እናት ሆኜ፣ አቀናሁ። መብራቱ ብልጭ አለ።

ኮምፒውተሩ ላይ ፊቴ ከጭቃ እንደተሠራ ነገር ብቅ አለ። ሐኪሟ ግራና ቀኝ አዞረችው፤ ከዚያ ግራውን ቀኝ፣ ቀኙን ግራ አድርጋ ገለበጠችውና መልሳ በራሱ ላይ ደረበችው። ሁለቱ የገጠሙበት ቦታ አረንጓዴ፣ የተለያዩበት ቀይ ይሆናል አለችኝ። ፊቴ ከሞላ ጎደል አረንጓዴ ነበር።

«አንድ ሚሊሜትር ብትሆን ነው» አለች። «ይቺን ያህልማ በሁላችንም ፊት ላይ አለች። የሚመዘገብ ነገር የለም።»

«እሰይ!» አለች እናቴ።

ያን ሁሉ ዘመን የደከምኩበት ሥራ በሚገባ ተሠርቶ መልሶ እኔኑ ከሕክምናው ሊያባርረኝ ነው። «ዶክተር፣ ይሄ ፊቴ አይደለም» አልኳት፤ እናቴ ያዘዘችኝንም፣ እኔ ያደረግሁትንም ነገርኳት። አልሳቀችም። «እማማ፣ እስቲ አንድ ጊዜ ደጅ ይቆዩልን» ብላ እናቴን አስወጣቻት።

መልቀቁ ከመያዙ ይልቅ ከበደኝ። እንዴት እንደሚለቀቅ ረስቼዋለሁ። ሐኪሟ በጥርሶቼ መካከል ጥጥ አድርጋ፣ ዓይኔን አስጨፍና፣ ዝም ብዬ እንድቀመጥ ነገረችኝ። ብዙ ቆየሁ። ውጭ ባጃጆች ሲያልፉ እሰማለሁ። ከዚያ መንጋጋዬ በራሱ ጊዜ ሸርተት ብሎ ወደ ቀኝ ሄደ። አንገቴ ድረስ ቀለለኝ። እንደዚያው እንዳለሁ በካሜራው አነሳችኝ።

በዚህኛው ሥዕል አገጬ ደም መስሎ ቀላ። ሰባት ሚሊሜትር። ፊቷ ጠማማ ነው ተብላ የተደሰተች ሴት ካለች እኔ ነኝ፤ አለቀስኩም።

ሐኪሟ ጣቶቿን ጆሮዎቼ ሥር አድርጋ አፌን አስከፈተችኝ፤ ቀጥሎ አገጬን ቀና አድርጋ ከሥሩ ያለችውን ትንሽ ጠባሳ አየች። ካሜራው የሚያየው ቆዳ ብቻ ነው፣ አጥንቱ በራጅ ይታያል፤ ነገር ግን ሕፃን በአገጩ ከወደቀ ጆሮ ሥር ያለው አጥንት ተሰብሮ ያ ወገን እንደ ሌላው ላያድግ ይችላል አለችኝ። እናቴን አስገብታ ጠየቀቻት፦ «እማማ፣ ልጅ ሆና ወድቃ ነበር?»

እናቴ ቀዩን አገጭ ብዙ አየችው። ስትጨነቅ አማርኛው ይጠፋባታል፤ በጉራጊኛ መለሰች። ተርጓሚዋ እኔ ነበርኩ።

«አልወደቀችም ትላለች» አልኳት ለሐኪሟ። እናቴ ቀጠለች፤ እኔም ከኋላ ከኋላ ተከተልኩ። «እኔ ነኝ የጣልኳት ትላለች። ገና ዓመት ከመንፈቋ ነበር። ከእንሰቱ ጓሮ ስመለስ ማዘያው ተፈታብኝ፤ ድንጋይ ላይ፣ በአገጯ። ለአባቷም አልነገርኩም ትላለች። ሰው ቤት በገባ ቁጥር ሥራዬን ፊቷ ላይ የሚያይብኝ ይመስለኝ ነበር ትላለች።»

ከዚህ በኋላ መተርጎም አቃተኝ። ልቆጣት ፈልጌ ነበር፤ ተቆጥቻለሁም። ግን ደክሞኛል። ሐኪሟ አንገቷን ደፍታ ስሜን መዝገቡ ላይ መጻፍ ጀመረች።

እናቴ አጠገቤ መጥታ መዳፏን ጉንጬ ላይ አደረገች፣ በቀኝ በኩል።

«ያምሻል?» አለችኝ።

ዕድሜዬን ሙሉ ጠይቃኝ አታውቅም።

«አዎ እማዬ፣» አልኳት፣ «ያመኛል።»