ያልተያዘው ነፍሰ ገዳይ

ይህን የምጽፈው አክስቴ ስለ ነፍሰ ገዳዩ ዛሬም ስለሚጠይቁኝ ነው። በጣሊያን ዘመን አንድ የክረምት ወር ዲማ አጠገብ እርሳቸው ቤት ተጠግቼ፣ ሁለት የፈረንሳይኛ ልብ ወለዶች፣ አንድ ታሪካዊና አንድ የወንጀል፣ ወደ አማርኛ እየመለስሁ አነብላቸው ነበር። በታሪካዊው የሞቱትን ነገሥታት ሁሉ ዝም ብለው አሳለፏቸው፤ በወንጀሉ መጽሐፍ አንድ ነጋዴ ሲገደል ግን፣ «ፍትሐት ተደረገለት?» አሉኝ።

«መጽሐፉ አይናገርም። ደግሞም እትዬ፣ ሰውዬው የተፈጠረ ነው» አልኋቸው።

«እኛስ ሳንፈጠር ነው እንዴ? አንተ ብቻ ገዳዩን ፈልግልኝ!» ብለው ለሟቹ ተዝካር ጠላ ጠመቁ።

ገዳዩ የሚታወቅበት ምዕራፍ ብቻ ሲቀረን የጣሊያን ወታደሮች መጡ። ሸሽተን ከርመን ስንመለስ ሁሉም አመድ ሆኖ ነበር።

የጠፋው፦ አንድ ቤት፣ ሁለት መጻሕፍት፣ አንድ ጋን ጠላ።