ባዶ የመሰለው ክፍል

ባሌ ኮምፒውተር ጠጋኝ ነው። እጁ ፈጣን ነው፤ ሰው ነግሮት እስኪጨርስ ግን አያስችለውም። ባለፈው ታናሽ እህቴ ዊንዶውስና ሊኑክስ የሚባሉ ሁለት ሲስተሞች የተጫኑበትን ኮምፒውተሯን «ዊንዶውሱ ቦታ ጠበበው» ብላ አመጣችለት። ዲስኩን ሲያይ ስም የሌለው ክፍል አገኘ። «ይሄማ ባዶ ነው» አለና ሰረዘው።

መልሶ ሲያስነሳው ጥቁር ስክሪን ብቻ ሆነ። ለካ ያ ክፍል የሊኑክሱ ነበር፤ ዊንዶውስ ማንበብ ስለማይችል ነው ባዶ ያስመሰለው። የእህቴ የመመረቂያ ጽሑፍም እዚያው ነበር።

«ምን ሆነብኝ?» አለችው።

«ዲስክሽ አርጅቷል» አላት፣ እኔን ላለማየት አቀርቅሮ። እኔ ምላሰኛዋም ሻይ ላፍላ ብዬ ወደ ጓዳ ገባሁ።

ቀኑን ሙሉ ሲታገል ውሎ የሰረዘውን ክፍል ከነጽሑፉ መለሰው፤ ሁለቱም ሲስተሞች ተነሱ። እህቴ በደስታ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች።

ዛሬ ደግሞ ቤታችን እንግዳ ሞልቶ ሳለ ስለዚያ ኮምፒውተር ማውራት ጀመረች። ባሌ ጎንበስ ብሎ ያልተፈታ የጫማ ክሩን ያስራል። እኔ የታጠበ ብርጭቆ አጥባለሁ።

«ኮምፒውተር ከተበላሸባችሁ ለወንድም ጋሼ ስጡት» አለቻቸው። «ሌላ ሰው ነክቶት ቢሆን ኖሮ እኮ ጽሑፌን ድራሹን ያጠፋብኝ ነበር!»